የጀልባው ሞተር ደጋ ሲወጣ

የካቲት 10 ቀን 2017፣ ሰኞ

ባለቤቴ ፍቅርተ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ ለብቻዬ አወራለሁ። ልጄ ሙሉዬ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ ሰማችኝና ይህን ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። «አባዬ፣ ጻፈው። ብቻህን ስታወራ ሰው ከሰማህ አበደ ይልሃል፤ ብቻህን ስትጽፍ ካየህ ግን ሊቅ ሆነ ይልሃል» አለች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ምን ሊቅ ይሆናል! ይሁን፤ እጽፋለሁ።

ዛሬ አዲሱ ሞተር ገባ። አዲስ ማለቴ ለእኛ ነው። የወፍጮ ቤቱ የድሮ ሞተር ከገና በፊት ተሰባብሮ ቀርቶ ነበር። ሸሪኬ ዘይኑልአቢዲን፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ፣ በታጁራ በኩል ካለ ዘመዱ የጀልባ ሞተር አስመጣ። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ አጥማጆችን ባሕር ላይ ሲገፋ የኖረ ናፍጣ ጠጪ ነው። ቆላ፣ አልዩ አምባ ላይ ስንሞክረው እንደ ጠገበች ድመት ነበር የሚያንኮራፋው፤ ጭስ የሚባል አልነበረውም። በአይሱዙ ጭነን ዳገቱን አውጥተን፣ እዚህ ከጎረቤላ ዝቅ ብሎ ካለው ወፍጮ ቤታችን ተከልነው። ቺንጊያውን ከወፍጮው ጋር አገናኝተን ስናስነሣው ግን ደከመ። ገብስ ሲገባበት ያቃስታል።

አዘንኩለት። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ሲደክም ምን ይደረጋል? ናፍጣ በሚሰጠው ፖምፓ ላይ ያለችውን፣ መጠኑን የምትወስነውን ቪቴ አንድ ሙሉ ዙር ከፈትኩለት። ብላ አልኩት። በላ። ጉልበት አገኘ። ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታውም ጥቁር ጭስ ቡልቅ ብሎ ወጣ። የቆመው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። «ሞተር ማለት ይሄ ነው! ጭሱን አየኸው?»

ተመስገን ብዬ ገባሁ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ሁዳዴ ደጅ ላይ ነው። ሽሮ የሚያስፈጭ ሁሉ ዛሬ ወጣ። ወረፋው እስከ ዋርካው ደረሰ።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ይሄ መርከብ ምጽዋ ነው የሚያደርሰን ጂቡቲ?» አለ አንዱ።

«አንተ ደግሞ፣ የኖኅ ነው እንጂ! ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያልመጣ አይሳፈርም» አለች አንዷ ከኋላ። ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ሳቁ። ለምን ወደ እኔ እንዳዩ አልገባኝም።

ያልሳቀች ወለተሐና ብቻ ነች። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ቤቷ፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ጥጥ ፈትላ ለአልዩ አምባ ሸማኔዎች ታቀርባለች። ልቃቂቷን ከአጥሯ ላይ አንሥታ ይዛው መጥታለች። ነጭ የነበረው ፈትል አይጥ መስሏል።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ይሄ ለፋሲካ ጋቢ የሚሆን ፈትል ነበር» አለችኝ። «አሁን ለስቅለት ይሆናል።»

ይቅርታ አልኳት። አምጪው ላጥብልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«እጅዎን አይተውታል?»

አየሁት። ከሞተሩ ማርሚታ የባሰ ነው።

ማታ በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። ጥፍሬ ሥር ያለው አልለቅ አለ። ሰው በጎረቤቱ ፊት በእንዲህ ያለ እጅ መቆሙ ያሳፍራል፤ ሌላ ነገር የለውም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

የጾሙ መጀመሪያ ቀን ነው፤ የመጣብኝም ዛሬ ነው።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ጌታሁን መጣ። «ጋሽ ኪዳኔ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ነበር» አለ። እኔ ያልተጠራሁበት ስብሰባ መሆኑ ነው። «ጭሱ እስከ ሆሳዕና ካልቆመ ሞተሩ ይነሣል፣ ወፍጮ ቤቱም ይዘጋል ተብሏል።»

«ማን ከሰሰኝ?»

«ሁሉም።»

«ወለተሐናም?»

«እሷስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ፈትሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።»

ከዚህ ወዲያ ምን ክስ አለ! ወፍጮው ከተዘጋ ሰዉ እህሉን ተሸክሞ ያን አቀበት እስከ ጎረቤላው ወፍጮ ሊወጣ ነው። እኔስ? ለሙሉዬ ደውዬ ብነግራት «እሰይ!» አለች። «ይኸው እግዜር ራሱ ጡረታ አወጣህ። ወፍጮው ከተዘጋ ሰበብ የለህም፤ እኔ ጋ ነህ። ክፍሉን አሰናድቼልሃለሁ፤ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነው።»

ልጄ ደግ ናት። ክፍሉም ደግ ክፍል ይሆናል። ግን በዚያ መስኮት ምን አያለሁ? የማላውቀውን ሰው ግድግዳ። እዚህ በመስኮቴ የሚታየኝ አጥር ነው። አጥርም ቢሆን የለመዱት ይሻላል። የወለተሐና አጥር ነው፤ እሱ እንኳ ከነገሩ ጋር አይገናኝም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ለቴዎፍሎስ ደወልኩ። ደብረ ብርሃን ያለ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነው፤ ቁጥሩን ሙሉዬ ናት የሰጠችኝ፣ ቅር እያላት።

«ጋሼ፣ ጭሱ ምን ዓይነት ነው? ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር?»

«እንደ ኃጢአቴ ጥቁር።»

ሳቀ። «እንግዲያው ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየበላ ነው እልዎት ነበር። ጥቁር ከሆነ ወይ አየር አንሶታል ወይ ናፍጣ በዝቶበታል። የነካኩት ነገር አለ?»

«ምንም።»

«ፖምፓው ላይ?»

«ኧረ ምንም!»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቪቴዋ ትዝ አለችኝ። ግን እሷ መነካካት አትባልም። ለደከመ እንግዳ ያጎረሰ ሰው ገበታ ነካካ ይባላል? አይባልም። ቴዎፍሎስ መጥቶ እንዲያየው ለመንኩት፤ መንገዱ ዝግ ነው፣ ሲከፈት እመጣለሁ አለ። እስከዚያ የአየር ማጣሪያውን አጥባለሁ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ማጣሪያውን አጠብኩ። ያው ነው። ማርሚታውን አውርጄ ጥቀርሻውን ጠረግሁ። ያው ነው። ማቀዝቀዣው በርሜል ውስጥ ያለውን ውሃ ቀየርኩ፤ ከጭሱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ከበደኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ጸበል በጠርሙስ ቀድቼ ልወጣ ስል የንስሐ አባቴ በር ላይ ያዙኝ።

«ለማን ነው?»

«ለ... ለቤት።»

«ለሞተሩ ነው አይደል?»

ጠርሙሱን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«ኪዳነ ማርያም፣ ሞተር አይጾምም፣ አይሰግድም፣ ጋኔንም የለበትም። ጸበሉን አንተው ጠጣው።»

እዚያው ፊታቸው ጠጣሁት። ጭሱ አልቀነሰም። እኔ ግን ቀለል አለኝ። የንስሐ አባት ሲባል ዝም ብሎ አይደለም፤ በሩ ላይ ጠብቆ የሚይዝ ነው።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ወረፋ። ጩኸት። ሞተሩ ያቃስታል፣ ሰዉ ይቸኩላል። ሌላ ሩብ ዙር ጨመርኩለት።

ጭስ።

ወለተሐና ልቃቂቶቿን ቤት ውስጥ ነው የምታሰጣው አሉ። ቤቷ ደግሞ ጠባብ ነው። ገብቼ አይደለም፤ በሩ ሲከፈት በሩቅ አይቼ ነው።

ደከመኝ። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። አቤቱ ይቅር በለኝ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሠራሁትን ብጽፈው ይሻላል፤ ሰፈሩ እንደሆነ ጽፎታል።

ጭሱን ማጥፋት ካልቻልኩ ከፍ ላድርገው አልኩ። ባሮጌ የውሃ ቧንቧ ማርሚታውን ቀጥዬ ከጣሪያው በላይ አወጣሁት። ጠዋት ድንቅ ነበር። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ፣ እንደ አቤል መሥዋዕት። የወለተሐና አጥር ንጹሕ። ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከቆላ ወደ ላይ እንደሚነፍስ፣ ተወልጄ ባደግሁበት አገር፣ እንዴት ይጠፋኛል? ጭሱ አንገቱን ቆልምሞ የጌታሁን ግቢ ገባ። ሊቀመንበሩ ለለቅሶ ሊሄድ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ሲሮጥ መጣ።

«ጋሽ ኪዳኔ! ነጭ ጋቢ ለብሼ ወጣሁ፣ በርኖስ ለብሼ ቆምኩ!»

እውነቱን ነው። ትከሻው ድረስ ጠቁሯል። ይቅርታ እየጠየቅሁ ሳለ ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ሰማሁ። መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ወለተሐና ነች፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው የምትስቀው። ይህን ያህል ዓመት ጎረቤት ሆነን ሳቋን አላውቀውም ነበር።

ቧንቧውን ሳይመሽ አወረድኩት። ጌታሁን ሲሄድ «ሆሳዕና ሩቅ አይደለም» ብሎኝ ነው የሄደው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ፣ አቦ

በዓል ነው፤ ወፍጮ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወለተሐና ከኋላዬ ደረሰችብኝ።

«ሊሄዱ ነው አሉ።»

«ወዴት?»

«ደብረ ብርሃን። ወደ ፀሐይ የሚያይ መስኮት አለ አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ስልክ ሲያወሩ አልዩ አምባ ይሰማል።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እንግዲህ ሞተሩ ከተነሣ እዚህ ምን ሥራ አለኝ?» አልኳት።

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ጥላኝ ሄደች።

ተቆጣች እንዴ? እውነትዎን ነው ያለ ሰው እንዴት ይቆጣል? ፍቅርተ ብትኖር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሰውዬ፣ የጆሮህንም ማጣሪያ እጠበው» ትለኝ ነበር። ፍቅርተ እኔን መስደብ ታውቅበት ነበር፤ ነፍሷን ይማር። ዛሬ በጸሎት መሐል ሐሳቤ እየሸሸ አስቸገረኝ። ስለ ጭሱ ነው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ማታ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ወለተሐና አንድ ቁና ገብስ አስፈጨች። ትናንት ምስር ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሽንብራ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ይህን ሁሉ ምን ታደርገዋለች? ጾም ስለሆነ ይሆናል። ዋናው ግን እሱ አይደለም።

አመሻሽ ላይ ዘይኑልአቢዲን ሳይታሰብ መጣ። ወሬውን ሰምቷል። መኪና ስላጣ ከአልዩ አምባ ጀምሮ ያን ዳገት በእግሩ ነው የወጣው፤ ያውም ረመዳን ይዞ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ትከሻው ይነሣል፣ ይወድቃል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስለሆነ ደግፌ ቤት አስገባሁት።

«እናንተ ሁዳዴ ስትይዙ ደስ ይለኛል» አለ እያለከለከ። «ሥጋ የለ፣ ጥርጥር የለ። ከሞሰባችሁ ቢስሚላህ ብሎ መብላት ነው።»

ስልኩ ላይ አዛን ሲል ከኪሱ ተምር አውጥቶ አፈጠረ፤ ውሃ ተጎነጨ። እኔ ደግሞ እንግዳዬ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያልበላ፤ እንጀራውን በሽሮ ጠቅልዬ አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን አስከተልኩ። ሦስተኛውን ይዤ ስጠብቅ አነቀው። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ እጁን አወናጨፈ። ጀርባውን መታሁት።

«ኧረ ኪዳኔ! ኧረ በአላህ!» አለ ሲመለስለት። «እኔ የቆላ ሰው ነኝ! እዚህ ደጋችሁ ላይ አየር የት አለ? መጀመሪያ ልተንፍሳ! እናንተ ደገኞች ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ራበው ብላችሁ ታጎርሳላችሁ!»

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«ልተንፍስ አልኩ!»

ተነሥቼ ወጣሁ። «ተቀየምክ እንዴ? ኪዳኔ! ቀልዴን ነው እኮ!» እያለ ከኋላዬ ይጣራል። ባትሪ አብርቼ ሞተሩ ፊት ቆምኩ። ባሕር ጠረፍ ላይ አየር ጠግቦ የኖረ ፍጥረት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዳገት አወጣሁት፤ ትንፋሽ አጥሮት ሲያቃስት ራበው ብዬ ናፍጣ አጎረስኩት፤ ሲያቃስት ሌላ ጨመርኩለት። ሲያንቀው ከማርሚታው የወጣውን ጉልበት ነው ብለን አጨበጨብን።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰው አልነበረም፤ ጠየቅሁት።

ስመለስ ዘይኑ ሽሮውን ብቻውን አጣጥሞ ጨርሶታል። «አንተ ስትወጣ ነው መብላት የቻልኩት» አለኝ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ቪቴዋን መለስኳት። መጀመሪያ የጨመርኩትን ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ሙሉዋን፣ ከዚያም ትንሽ አሳልፌ። እህሉንም ቀስ እያልኩ እለቅለታለሁ። ጭሱ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ምንም ሊል ምንም አልቀረው።

ሞተርም ይጾማል ለካ። ለንስሐ አባቴ ልንገራቸው ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ትዕቢት እንዳይሆንብኝ።

ዘይኑ ሲወርድ ጭሱን ቀና ብሎ ፈለገና «የት ሄደ?» አለ። ከዚያ ወረፋውን አየ። «ሰዉስ ለምን አይሄድም?»

ችግሩ እሱ ነው።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ጉልበቱ ቀንሷል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ሰዉ በጭሱ ሲያማኝ ከርሞ አሁን በዝግታው ያማኛል።

«ምነው፣ መርከቡ መልሕቅ ጣለ?»

«ሞተር ነው ብለውን ቀዘፋ ሆነ እኮ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ናፍጣ ስጡት፣ ነፍስ ነው!»

እዚች ላይ ነው ፈተናው። እጄ ወደ ቪቴዋ ይሄዳል። ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ ይህን ደግነት ስለው ኖሬያለሁ። ሰው እንዲወደኝ ፈልጌ ቢሆንስ? ለእንግዳው ነው ያጎረስኩት ወይስ ለጭብጨባው?

ለቴዎፍሎስ ደወልኩ፤ የሆነውን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ምንም አልነካሁም ብለውኝ አልነበር?»

«አልነካሁም። አጎረስኩት እንጂ።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ሰማሁ። «ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጋሼ። የሚተነፍሰውን ያህል ብቻ ነው የሚያቃጥለው። እንደዚያው ይተዉት። ጉልበት የፈለገ ቆላ ይውረድ።»

መጋቢት 28፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጌታሁን ዋርካው ሥር ሰበሰበን። ዛሬ እኔም ተጠርቻለሁ። ግማሹ ጭሱ ጠፍቷል ይላል፤ ግማሹ ነፋሱ ዞሮ ነው እንጂ አልጠፋም ይላል። ዝግታው ያናደዳቸውም «በጎረቤላው ፈጥነን እንመለሳለን፣ ይነሣ» አሉ።

«ምስክር ያስፈልጋል» አለ ጌታሁን።

ወለተሐና ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። «ነጠላዬ ይመስክር» አለች። «ቅዳሜ፣ በሆሳዕና ዋዜማ፣ አጥቤ ከአጥሬ ላይ አሰጣዋለሁ። ወፍጮው ከጠዋት እስከ ማታ ይፍጭ። ከጠቆረ ይነሣ፤ ነጭ ከሆነ ይቀመጥ።»

ሁሉም ተስማማ። ከእሷ አፍ መውጣቱ ቅር አሰኘኝ። ልታስነሣኝ ነው? ወይስ ምን?

መንገዱ ተከፍቷል። ሙሉዬ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሻንጣህን አዘጋጅ አለች። አዘጋጀሁ። የፍቅርተን ፎቶ መጨረሻ ላይ አስገባሁት፤ ቀድሜ ከከተትኩት ይታጠፋል ብዬ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ጎሕ ሲቀድ ነጠላዋ አጥሩ ላይ ነበረች። እንዲህ ያለ ንጣት አይቼ አላውቅም። በመስኮቴ ስመለከታት ዓይኔን ወጋኝ።

የፋሲካ ድፎ ስንዴ የያዘ ሁሉ ዛሬ መጣ። ቀስ እያልኩ ለቀቅሁ። «ክፈትለት! ክፈትለት እንጂ!» ይሉኛል። አልከፍትም አልኩ። ሰው ሲቆጣኝ መቋቋም እንዲህ የሚከብድ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ተማርኩ። ሙሉዬ እኩለ ቀን ላይ ደርሳ ሻንጣዬን በር ላይ አየችና ዱቄት መያዝ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እመጫት ስንዴ ይዛ መጣች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ይጮኻል። ልቤ አልቻለም። እህሉን ሰፋ አድርጌ ለቀቅሁላት። ሞተሩ አቃሰተና አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እፍ አለ። ጥቁር ጉም በአጥሩ ላይ አለፈ። ወዲያው ዘጋሁት። ማንም ያየ አልመሰለኝም።

ማታ ሰፈሩ አጥሩ ሥር ተሰበሰበ። ወለተሐና ነጠላዋን አወረደች። ቅርብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ስትዘረጋው ጥለቱ አጠገብ አየሁት፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ነጥብ። እሷም አየችው። እኔ እንዳየሁም አየች።

ነጠላውን አንዴ አጠፈችው። ነጥቡ ውስጥ ገባ። ከዚያ ለሰዉ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«ይኸው። ያለበት ዱቄት ነው» አለች፤ አራገፈችውም። እውነትም ዱቄት ቦነነ።

ጌታሁን ጠጋ ብሎ አየ፤ በጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱን አየ። «ነጭ ነው። ወፍጮው ይቀመጥ» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ በዝግታው ሲያማርሩ የዋሉት ራሳቸው።

ልናገር ነበር። እውነት ነው የምለው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ወለተሐና አየችኝ፤ ዘጋሁት።

ሙሉዬ እሷን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ እሷን አየች። ከዚያ ቤት ገባች። ስከተላት በር ላይ ያለው ሻንጣ ፊት ቆማ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም። አባዬ፣ ሻንጣህን ፍታ።»

ፈታሁ። አሁን ሁሉም ተኝቷል፤ እኔ አልተኛሁም። ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ጎረቤቴ በእኔ ጭስ ምክንያት ዋሸች፤ እኔም በዝምታዬ አብሬ ዋሸሁ። ለንስሐ አባቴ ብናገር እሷን ማሳጣት ነው፤ ባልናገር ኃጢአት ነው። ለምን ዋሸች? የጎረቤላን አቀበት ፈርታ ይሆናል። ጉልበት ሲያምም ዳገት ይከብዳል።

ጉልበቷን ሲያማት ግን አይቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ስግደት ከመሄዴ በፊት ወፍጮ ቤቱን ከፍቼ ቪቴዋን ሌላ ሩብ ዙር ዘጋሁ። እህሉን ብዙ ብለቅለትም እንኳ ጥቁር የሚተፋበት አቅም የለውም አሁን፤ ሞክሬ አየሁት። ዓይን ጥሎ የሚፈልግ ሰው እንኳ ጭሱን አያገኘውም።

ከስግደት ስመለስ የሚጠብቁት ሴቶች ጮኹብኝ። «ጋሽ ኪዳኔ፣ ምን አደረጉት? ከቅዳሜውም ባሰ እኮ! በዚህ አያያዝ የፋሲካው ዱቄት ለጰራቅሊጦስ ይደርሳል!»

«ይድረስ» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም፤ እነሱም ደንግጠው ወደ ወረፋቸው ተመለሱ። ከወረፋው መጨረሻ ወለተሐና ቁናዋን ታቅፋ፣ ምንም የሚያቻኩላት ነገር እንደሌለ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ነጠላው ነጭ ነው ተብሏል፤ እንግዲህ ነጭ መሆን አለበት። ለእኔ ብላ የዋሸችውን እውነት ማድረግ የእኔ ሥራ ነው።

ለወፍጮው ብላ ማለቴ ነው።